ላብራቶሪው የት ነው? ከፊልም ወደ ዲጂታል፣ ከሰቆጣ ሲታይ

በትርፍ ጊዜው ፎቶ የሚያነሳ ሰው ፊልሙን ትቶ ወደ ዲጂታል ይዙር ወይስ በያዘው ይጽና የሚለው ጥያቄ በሌላው ዓለም ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ተብላልቷል። ክርክሩ ባብዛኛው በጥራት ላይ ነበር፤ የትኛው ይጠራል፣ የማን ቀለም ያምራል፣ ፎቶው ሲተልቅ የቱ ሳይበላሽ ይቀራል የሚል። ለዚህኛው መልሱ ከሞላ ጎደል ተገኝቷል። ከዋጓ ከተማ ከሰቆጣ ሆኖ ለሚያየው ግን ጥራት የጥያቄው ትንሹ ክፍል ነው። ቁልፉ ከተጫነበት ቅጽበት አንስቶ ፎቶው እጅ እስኪገባ፣ ከዚያም ለልጅ ልጅ እስኪተርፍ ድረስ ያለውን ሥራ ማን ይሠራዋል? የትስ ሆኖ? ይህ ዳሰሳ የጉዳዩን ታሪክ፣ የተከራካሪዎቹን ወገኖችና ማስረጃቸውን የሚመለከተው ከዚህ አንጻር ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድንኳን ውስጥ የነበረ ጨለማ ክፍል

ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን በ1859 ካሜራ ይዞ ኢትዮጵያ ገብቷል። በብዛት ፎቶ የተነሳው ግን በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ ነው። ጦሩ የመሐንዲስ ክፍሉን ፎቶ አንሺዎች አስከትሎ ከዙላ ተነሳ፤ በአሸንጌ ሐይቅ አድርጎ በዋግና በላስታ ደጋ በኩል ወደ መቅደላ ዘለቀ። ያኔ የአገሩ ጌታ ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ።

የዚያ ዘመን አሠራር አድካሚ ነበር። መስታወት ላይ ኮሎዲየን የሚባል መድኃኒት ይቀባል፣ እርጥብ እንዳለ ካሜራ ውስጥ ገብቶ ብርሃን ያያል፣ ሳይደርቅ ደግሞ ይታጠባል። ለዚህ ሁሉ ያለው ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ስለዚህ ጨለማው ክፍል፣ መድኃኒቱና ውኃው ከፎቶ አንሺው ጋር በከብት ጀርባ መጓዝ ነበረባቸው። ላብራቶሪው የትም አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ወይም ፎቶ አንሺው ባለበት ሁሉ ነበረ።

ይህን ያፈረሰው ኮዳክ ነው። በ1888 የወጣው የመጀመሪያው ኮዳክ ካሜራ 100 ፎቶ የሚበቃ ጥቅልል ተጭኖበት ይሸጥ ነበር። ጥቅልሉ ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልካል፤ ፎቶዎቹ ታትመው፣ ካሜራው አዲስ ጥቅልል ጎርሶ ይመለስለታል። ሙያውን ሳይሆን ደስታውን ብቻ የሚፈልገው አማተር የተፈጠረው በዚህ ውል ነው። አማተሩ ከመድኃኒት ሽታ ተገላገለ፤ በምትኩ የሩቅ ላብራቶሪ ጥገኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ፣ የዲጂታሉም ጭምር፣ የዚህ ውል ተቀጥላ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በሰሜን ደጋ በገፍ የገቡት የመጀመሪያዎቹ አማተሮች ማን እንደነበሩ ማሰብ ደስ አይልም። ከ1935 ጀምሮ የዘመተው የፋሺስት ጦር ይፋዊ የፊልምና የፎቶ ተቋሙን ኢስቲቱቶ ሉቼን ይዞ መጥቷል። ከዚህ ጎን ግን ተራው ወታደርና መኮንን በኪሱ የግል ካሜራ ነበረው፤ ዛሬ በጣሊያን ቤቶችና ማኅደሮች ያሉት የወታደር አልበሞች የዚያ ውጤት ናቸው። በዋግና በላስታ አመፁን የመሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1937 ሲገደሉ፣ ካሜራው በማን እጅ እንደነበር መገመት አይከብድም። የትርፍ ጊዜ ፎቶ በባሕርዩ የዋህ ነው የሚለው አስተያየት ይህንን ታሪክ ሳያይ ያልፋል።

ፎቶ የሚነሳና ፎቶ የሚያነሳ

በኢትዮጵያ የፊልም ዘመን ሁለት ሰዎች መለየት አለባቸው፤ ፎቶ የሚነሳውና ፎቶ የሚያነሳው። የመጀመሪያው ብዙ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ከምኒልክ ዘመን ጀምረው፣ ልጆቻቸውም ተከትለው፣ ቤተ መንግሥቱንና የአዲስ አበባን ሰው አንስተዋል። በኋላ ፎቶ ቤት በየአውራጃው ከተማ ተስፋፋ። ለመታወቂያና ለፈተና ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ለሠርግና ለምርቃት ደግሞ ሙሉ ቁመት። ገበያው ይኸው ነበር።

ፎቶ የሚያነሳው ግን፣ በተለይ ለራሱ ደስታ የሚያነሳው፣ ጥቂት ነበር። ምክንያቱ የካሜራ ውድነት ብቻ አይደለም። ካሜራ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ እንደ ዜኒት-ኢ ያለው የሶቪየት ካሜራ ደግሞ ባትሪ እንኳ አይፈልግም፣ የብርሃን መለኪያው የሚሠራው ከራሱ ከብርሃኑ በሚያገኘው ኃይል ነው። የሚያስቸግረው ከቁልፉ በኋላ ያለው ነው። ጥቅልሉ 36 ፎቶ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ጠቅታ ገንዘብ ነው። ከዚያ ማሳጠብ አለ። ጥቁርና ነጭ ፊልም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በትንሽ ዕቃ ይታጠባል፤ የቀለም ፊልም ግን መድኃኒቱ 38 ዲግሪ ላይ እምብዛም ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት፤ ይህም ማሽንና የማያቋርጥ መብራት ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምትርቀው ሰቆጣ ላብራቶሪው ሌላ ከተማ ነበር።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ፎቶ ቤት የተነሳ ሰው የሚወስደው ወረቀቱን ነው፤ ኔጋቲቩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ከተማ የፊት ታሪክ በሁለት ተከፍሎ ተቀመጠ፤ ግማሹ በየቤቱ አልበም፣ ግማሹ በፎቶ ቤቱ ካርቶን። በ2018 የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው የፎቶ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ማለትም የቤተሰብ አልበሞችን፣ ሰብስቦ ምን ያህል ሀብት እንዳለ አሳይቷል። ሁለተኛው ግማሽ ገና ነው።

ፊልሙ ለምን በድንገት ጠፋ

የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አንዱን ፎቶ በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ ጥራቱም 0.01 ሜጋፒክስል ብቻ። ለባለሙያው በሩን የከፈተው በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ1 ነው፣ 2.7 ሜጋፒክስል፣ ዋጋውም 5,000 ዶላር ያህል። አማተሩን ያሸነፈው ግን በ2003 ከ1,000 ዶላር በታች የተሸጠው ባለ 6 ሜጋፒክስሉ ካነን 300ዲ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ኮዳክሮም የተባለውን ፊልም የሚያጥበው የመጨረሻው ላብራቶሪ በ2010 መጨረሻ አቆመ፤ ኮዳክ ራሱ በ2012 መጀመሪያ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ።

ፊልም ቀስ በቀስ ይከስማል ብለው የጠበቁ ተሳስተዋል፤ ምክንያቱ ደግሞ ከፍልስፍና ይልቅ ኬሚስትሪ ነው። የቀለም ማጠቢያ ማሽን መድኃኒት ጤናማ የሚሆነው በየቀኑ በቂ ጥቅልል ሲያልፍበት ነው። ደንበኛው ሲቀንስ መድኃኒቱ ሳይሠራ ያረጃል፣ ቀለሙ ይዛባል፣ የቀረውም ደንበኛ ይሸሻል። ስለዚህ ላብራቶሪ የደንበኞቹ ግማሽ ሲሄድ ገቢው በግማሽ ቀንሶ አይቀጥልም፤ ይዘጋል። ፊልሙን ሊተው ያልፈለገ አማተርም ከሌሎቹ ጋር ተገፍቶ ወጣ። ብዙዎች ዲጂታልን መርጠን ገባን ይላሉ፤ እውነቱ ግን ምርጫው የጎረቤታቸው ነበር።

በኢትዮጵያ ሁለተኛ መታጠፊያ አለ። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ የአዲስ ፎቶ ፌስት ፌስቲቫልን በ2010 ስትመሠርት መድረኩ የተከፈተው በዋናነት ዲጂታል ይዞ ለደረሰ ትውልድ ነው። በ2016 ግርማ በርታ በስልኩ ካሜራ ባነሳቸው የአዲስ አበባ መንገደኞች ምስሎች የጌቲና የኢንስታግራምን የገንዘብ ድጋፍ አሸነፈ። ይህ ለክርክሩ ትልቅ ማስረጃ ነው። አሸናፊው መሣሪያ ዲጂታል ካሜራ ሳይሆን ስልክ ነበር። እንደ ሰቆጣ ባለ ከተማ የሆነውን ሽግግር ከፊልም ካሜራ ወደ ዲጂታል ካሜራ ብሎ መጥራት ያሳስታል። ሽግግሩ ከፎቶ ቤት ወደ ስልክ ነው፤ ቀድሞ ይነሳ የነበረው ሰው አንሺ ሆነ። በሌላው አገር አማተሩ መሣሪያ ቀየረ፤ እዚህ አማተሩ ተወለደ። በውጭ የተጻፉት የሽግግር ምክሮች ብዙዎቹ እዚህ የማይሠሩት ለዚህ ነው፤ የሚመክሩት ፊልሙን የሚናፍቅ ሰውን ነው።

ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት

በጥራቱ ክርክር ውስጥ ከአገሩ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አንድ ነጥብ አለና እሱ ላይ መቆየት ይገባል። የዋግ ልጃገረዶች የሻደይን በዓል ነሐሴ 16 ሲጀምሩ፣ ወይም ምዕመናን ለጥምቀት ሲወጡ፣ ለፎቶ አንሺው ከባዱ ፈተና ፊቱ ቆሟል። ጠይም ፊት አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ የቀትር ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ቀሚስና ነጠላ። ብርሃኑን ለፊቱ ከለካው ጥልፉና ሽመናው ነጥቶ ይጠፋል፤ ለነጠላው ከለካው ፊቱ ይጨልማል።

እዚህ ላይ ሦስቱ መሣሪያዎች ይለያያሉ። የቀለም ኔጋቲቭ ብርሃን ሲበዛበት ይታገሳል፤ ሁለት ሦስት እጥፍ ከበቂው በላይ ቢያገኝም የሽመናው መስመር ኔጋቲቩ ላይ ይቀራል፣ ሲታተም ይወጣል። ስለዚህ የፊልም ሰው ለፊቱ ለክቶ ያነሳል። ስላይድ ፊልም ግን ይህን ምሕረት አያውቅም። ዲጂታል በተቃራኒው ነው፤ ነጩ አንዴ ከሞላ ምንም ነገር አይመልሰውም፣ ጨለማው ውስጥ ግን ብዙ ዝርዝር ይደብቃል። ስለዚህ የዲጂታል ሰው ለነጠላው ለክቶ አንስቶ ፊቱን በኋላ ያፈካዋል። ከፊልም የመጣ አማተር በአሮጌ ልማዱ ለፊት እየለካ ነጠላውን ሁሉ ሲያቃጥል ዲጂታል ጥራት የለውም ይላል። ጥፋቱ የልማዱ ነው።

ሦስተኛው፣ ስልኩ፣ ጥያቄውን ከአንሺው እጅ ወስዶታል። አንድ ጊዜ ሲነካ ብዙ ምስል በፍጥነት አንስቶ ያዋሕዳል፤ ነጩን ከአንዱ፣ ፊቱን ከሌላው ይወስዳል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ የሚደነቅ ነው። ዋጋውም አለው፤ የቀትሩ ፀሐይ ጭካኔ ይለዝባል፣ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ሁሉም ነገር እኩል ብሩህ ይሆናል። የዋግን ብርሃን የሚያውቅ ሰው ያንን ብርሃን በስልክ ፎቶ ላይ ፈልጎ ያጣዋል።

ፊልም በዚህ ረገድ ንጹሕ ነበር የሚሉትን ግን ታሪክ አይደግፋቸውም። የቀለም ፊልምና የማተሚያ ማሽኖች ለአሥርት ዓመታት የተቃኙት የነጭ ሴት ፎቶ ባለበት የመለኪያ ካርድ ነው፤ ጠይም ፊት ዝርዝር አጥቶ የሚወጣው አንሺው ስላላወቀበት ብቻ አልነበረም። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ኮዳክ ጥቁሩንና ቡናማውን አጥርቶ የሚይዝ ፊልም ወደ መሥራት የሄደው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች ምርታችን በፎቶ አያምርም ብለው ካማረሩ በኋላ መሆኑን አሳይታለች። ዲጂታሉም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ጉግል የጠይም ፊትን አያያዝ አስተካከልኩ ብሎ ስልክ ያወጣው በ2021 ነው። አድልዎው ከመድኃኒቱ ወጥቶ ወደ ቀመሩ ገባ። ልዩነቱ፣ ፊልሙን አማተሩ ሊያስተካክለው አይችልም ነበር፤ ዲጂታሉን ጥሬ ፋይል የሚሰጥ ካሜራ ካለው ይችላል።

ሌሎቹን ቴክኒካዊ ነጥቦች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ከሰቆጣ ብዙ በማይርቀው በውቅር መስቀለ ክርስቶስና በመሳሰሉት ዋሻማ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ዲጂታል ያለ ክርክር ይበልጣል፤ በጧፍና በበር ብርሃን ብቻ ያለ ፍላሽ ይሠራል፣ የቀን ብርሃን ፊልም ብርቱካናማ የሚያደርገውንም ያርማል። ፊልም ለአልትራቫዮሌት ጨረር ስሱ ስለሆነ በደጋ የራቀው ተራራ ሰማያዊ ይሆንበታል፤ ዲጂታል ካሜራ መከላከያው ውስጡ ስላለ ብዙዎች ዛሬም የሚገዙት የጨረር ማጣሪያ መስታወቱን ከጭረት ከመጠበቅ በቀር እምብዛም ጥቅም የለውም። በአቧራ ግን ፊልም ያሸንፋል። እያንዳንዱ ፎቶ አዲስ ገጽ ላይ ያርፋል፤ የዲጂታል ካሜራ ሌንስ ሲቀየር የገባች ብናኝ ግን እስክትጠረግ በፎቶው ሁሉ ላይ ትታያለች።

የፊልም ወገን ክርክርና የሳልጋዶ ምስክርነት

ለፊልም የሚሟገቱት በብዛት የሚያነሱት ሥነ ሥርዓትን ነው፤ 36 ፎቶ ብቻ ያለው ሰው ከመጫኑ በፊት ያስባል ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው፣ ግን የቁጠባ እንጂ የፊልም ባሕርይ አይደለም። ለመማር ደግሞ ወዲያው ስሕተትን ማየት ከሳምንታት በኋላ ከማየት እጅግ ይሻላል። ጠንካራው ክርክራቸው ሌላ ነው፣ ነጻነት። ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ባትሪ የማይፈልግ ካሜራና ትንሽ ማጠቢያ ዕቃ ያለው ሰው ኔጋቲቭ ለማውጣት መብራት አያስፈልገውም። የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ኽምራ ዞንን ባመሰቃቀለበት በ2021ና በ2022 መብራትና ስልክ ለወራት ሲቋረጥ ዲጂታል ካሜራ ምን ያህል በሶኬት ላይ እንደተንጠለጠለ ታይቷል። በዚህ መመዘኛ ከኮሎዲየን ወዲህ ላብራቶሪውን ለአንሺው የመለሰው ዲጂታል ብቻ ነው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው።

ይሁን እንጂ የፊልም ወገን የነጻነት ክርክርም ሙሉ በሙሉ አይጸናም። ፊልሙና መድኃኒቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው፤ ሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሆኗል። ዳያስፖራ ዘመድ ያምጣልኝ እንዳይባል፣ አዳዲሶቹ የአየር ማረፊያ ሲቲ ስካነሮች ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ። ለማጠቢያ ደግሞ ውኃ ያስፈልጋል፤ የውኃ እጥረት በሚያስቸግረው ቆላማው የዞኑ ክፍል ይህ ቀላል አይደለም፣ ምንም እንኳ ዕቃውን ሦስት ጊዜ ሞልቶ በማገላበጥ የሚያጥብ ቆጣቢ ዘዴ ቢኖርም።

ፎቶ አንሺው ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ እዚህ ላይ ጥሩ ምስክር ነው፣ የዚህን አገር መሬት በሁለቱም ዘመን ያውቅ ነበርና። በ1984 ለዋግ ጎረቤት በሆነችው በኮረም መጠለያ የተራቡትን በፊልም አነሳ። በ2008 ደግሞ «ጄነሲስ» ለተባለው ሥራው ከላሊበላ እስከ ስሜን ተራሮች ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ተጉዟል። ወደ ዲጂታል የዞረው በዚያው ዓመት ነው፤ ካቀረባቸው ምክንያቶች ዋናው የአየር ማረፊያ ራጅ ፊልሙን እየጎዳው መሆኑ ነበር። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ፎቶዎቹን በወረቀት አሳትሞ እንደ ድሮው በአጉሊ መነጽር ይመርጥ ነበር፤ ከተመረጡት ዲጂታል ፋይሎች ደግሞ ኔጋቲቭ ያሠራ ነበር። ለማንሳት ዲጂታልን አመነ፣ ለማስቀመጥ ፊልምን። ከሁለቱ ወገን ተከራካሪዎች ይልቅ የእሱ ድርጊት ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ማን ያስቀምጠዋል?

ፊልም ለማስቀመጥ እንደሚበጅ ኢትዮጵያ ራሷ ትልቅ ምሳሌ አላት። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከ9,000 በላይ ብራናዎችን በፊልም አነሳ፤ ቅጂው አሜሪካ ኮሌጅቪል ገብቶ ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት በዝርዝር መዘገቡት። ከዚያ በኋላ አብዮትና ጦርነት አለፈ፤ ፊልሙ ግን ቆየ፣ ዛሬም ወደ ዲጂታል ተገልብጦ ይነበባል። የጎደለው ቀለሙ ነው፣ የተነሳው በጥቁርና ነጭ ነበርና። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በዲጂታል የሚነሱት ብራናዎች የሐረጉንና የሥዕሉን ቀለም መልሰዋል፤ እነሱን ማቆየት ግን የማያቋርጥ ግልበጣና የማያቋርጥ በጀት ይጠይቃል።

አማተሩ ይህ በጀት የለውም። ሚሞሪ ካርዱ ይሞላል፣ ስልኩ ይሰበራል ወይም ይሰረቃል፣ በቴሌግራም የተላከው ፎቶ ተጨምቆ ይደርሳል። በደመና ማስቀመጥ የሚባለው ምክር በአማራ ክልል ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ታውቋል። ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ መቶ ዓመት ይሻገራል፤ ለዚህም የዋግ ደጋ አየር ከባሕር ዳርቻ ይሻላል። የቀለም ፊልም ግን ቀለሙ ይደበዝዛል፣ አሮጌ አሲቴት ፊልምም ሆምጣጤ ሆምጣጤ እየሸተተ ይሸበሸባል። ስለዚህ ፊልም ዘላለማዊ ነው ማለት አይቻልም። ማለት የሚቻለው ይህ ነው፦ ፊልም ቸል ቢባልም ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ዲጂታል ቸል ከተባለ ይጠፋል። ትኩረት የሚሰጠው ሰው በሌለበት ይህ ልዩነት ከሜጋፒክስል ሁሉ ይበልጣል። በእኔ ግምት አማተሩ በዲጂታል አንስቶ በዓመት ጥቂቱን በወረቀት ቢያሳትም ከሁለቱም ያተርፋል። ችግሩ የሚያትመው ፎቶ ቤት ራሱ መዳከሙ ነው፤ የፋይዳ መታወቂያ ፎቶውን በምዝገባው ቦታ ስለሚያነሳ የጉርድ ፎቶ ገበያው እየጠበበ ነው።

ፎቶው የማን ነው?

አዲሱ ክርክር ከመሣሪያው ወጥቶ ወደ ሕጉ ገብቷል። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ በአደባባይና በሕዝብ ሥነ ሥርዓት ለሚነሳ ፎቶ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ሕጉ ሲጻፍ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ የሚወጣበት ዋነኛ ቦታ የፎቶ ቤት መስኮት ነበር። ዛሬ በሻደይ አደባባይ የምትጨፍር ልጅ በአንድ ቀን በስንት ስልክ እንደምትነሳ አታውቅም።

አንዱ ወገን በዓሉ የአደባባይ ነውና ፈቃድ አያስፈልግም ይላል፤ ፎቶው ባህሉን ያስተዋውቃል፣ እንግዳም ይጠራል። ሌላው ወገን ልዩ ሁኔታው የተፈቀደው ሥነ ሥርዓቱን ለማሳየት ነው ባይ ነው፤ ከጭፈራው ተነጥላ ፊቷ ብቻ በቅርብ ሌንስ የተነሳች ልጅ ሥነ ሥርዓት አይደለችም፣ ይባስ ብሎ ብዙዎቹ አካለ መጠን ያልደረሱ ናቸው ሲል ይከራከራል። ሁለተኛው ክርክር የሚያይል ይመስለኛል። ግን እሱም ቢሆን የማይመልሰው ነገር አለ። በፊልም ዘመን የተነሳው ሰው ከፍሎም ቢሆን ወረቀቱን ይዞ ይሄድ ነበር፤ አሁን አንሺው ነጻ አንስቶ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል፣ የተነሳችው ልጅም ፎቶዋን የምታየው፣ ካየችው፣ በሌላ ሰው ገጽ ላይ ነው። ለእሷ ቅጂ መላክ ግዴታ ይሁን ወይስ የአንሺው ጨዋነት፣ ስልክ ለሌላትስ በማን በኩል ይድረሳት የሚለውን የአገሪቱ ፎቶ አንሺዎችም ሆኑ የባህል ቢሮዎቹ ገና በደንብ አልተነጋገሩበትም።